ዲሽዎን ወዴት ያዞራሉ?
በጋምቤላ ሆኖ በሰው ሠራሽ ጨረቃ ለመነጋገር ራዲዮ መግዛት ላሰበ አንባቢ

አንባቢ ሆይ፤ በጋምቤላ ከተማ መሀል፣ የቀኑ ሙቀት ጥቂት በረድ በሚልበት በ12 ሰዓት ገደማ፣ ከባሮ ድልድይ ላይ ቆመው ያውቁ እንደ ሆነ፣ መንገደኛው ሁሉ የሚመለከተው ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ መሆኑን አስተውለው ይሆናል። ዛሬ ግን እባክዎን ቀና ይበሉ። ፊትዎን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዙሩና ከአናትዎ ትክክል ካለው የሰማይ ነጥብ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። በዓይንዎ የሚያዩት አንዳች ነገር የለም። ነገር ግን በዚያ አቅጣጫ፣ 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ሌት ተቀን ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆሞ ይገኛል። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ የራዲዮ ወዳጆች በእርሱ አማካይነት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ለአንድ ሳንቲም የስልክ ክፍያ ሳይከፍሉ።

የዚህ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስም እስሃይል 2 ነው። ንብረትነቱ የአንድ የኳታር ኩባንያ ሲሆን፣ ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአሜሪካ፣ ከፍሎሪዳ ተተኮሰ። ዋና ሥራው የቴሌቪዥን ሥርጭት ነው። ይሁን እንጂ የኳታር አማተር ራዲዮ ማኅበርና አምሳት የሚባለው የጀርመን ማኅበር ባደረጉት ጥረት፣ ለአማተሮች ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ አብሮ ተጭኖበት፣ የካቲት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። አማተሮቹም «ኳታር ኦስካር 100» ብለው ሰየሙት። ከእርሱ በፊት በአንድ ቦታ የሚቆም የአማተር ሳተላይት ከቶ አልነበረም።

አማተር ስንል ራዲዮ የማይችል ጀማሪ ማለታችን አይደለም። ለትርፍ ወይም ለመሥሪያ ቤት ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ብሎ፣ ፈተና ተፈትኖና ፈቃድ አግኝቶ፣ በራሱ የጥሪ ምልክት የሚናገር ሰው አማተር ይባላል። በአገራችን የጥሪ ምልክቱ የሚጀምረው «ኢ.ቲ.» በሚሉት ሁለት ፊደሎች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ5 ኪሎ ግቢ፣ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየው የክበብ ጣቢያ ምልክቱ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. ሲሆን፣ ይህ ስም በሌላው ዓለም ባሉ አማተሮች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የታሰበው ከደመወዙ ላይ በየወሩ ጥቂት እየቆጠበ፣ ወይም ከቤተ ሰቡ ከሚላክለት የኪስ ገንዘብ እየቀነሰ፣ «አንድ ቀን ራዲዮ እገዛለሁ» ለሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገዛው። ሲሳሳት የሚመልስለት ሱቅ የለም፤ ዕቃው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ነውና። ስለዚህ ምን እንደሚገዛ ከመጠየቁ በፊት ከማን ጋር፣ በየትኛው ሰው ሠራሽ ጨረቃ መነጋገር እንደሚፈልግ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ራዲዮውን አስቀድመው፣ ሳተላይቱን አስከትለው ስለሚያስቡ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያዋ የአማተሮች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ኦስካር 1 ትባል ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ከሌላ ትልቅ ሳተላይት ጋር አብራ ተላከች። ክብደቷ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ሲሆን፣ የማስተላለፊያዋ ኃይል ከአንድ ዋት አንድ ሰባተኛ አይበልጥም ነበር። የምትናገረውም በሞርስ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ብቻ፣ ማለት «ሃይ» የምትል አጭር ሰላምታ ነበረች። ሦስት ሳምንት ያህል እየዞረች ሰላምታዋን ስታሰማ፣ በ28 አገሮች የሚገኙ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ሰምተናታል ብለው ጻፉ። አንባቢ ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሠሩት ሥራ መስማት ብቻ ነበር።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ኦስካር 7 ተላከች። ባትሪዋ ተበላሽቶ በ1973 ዓ.ም. ዝም አለች፤ ሞተች ተባለ። በ1994 ዓ.ም. ግን አንድ ሰው በድንገት ድምፅዋን ሰማ። ለካስ የተበላሸው ባትሪ መልሶ ራሱን ቆርጦ፣ ሳተላይቷ ፀሐይ ባገኘች ቁጥር እየነቃች፣ በጨለማ እየተኛች ትኖር ኖሯል! ከዚያም በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አማተሮች ሲነጋገሩባት ቆይተዋል። የተላከችበት ዕለት ኅዳር 6 መሆኑ ደግሞ ከእስሃይል 2 ጋር የሚያገናኝ አስገራሚ አጋጣሚ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ።

በአማተሮች ዘንድ የሚታወቁት ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች በጠቅላላው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚሮጡና የሚቆሙ። የሚሮጡት ከምድር ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው የሚዞሩት ናቸው። ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ይዞራል። ባለፈ ቁጥር በእርስዎ ሰማይ ላይ የሚቆየው ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። ስለ እነዚህ ስናስብ የጋምቤላ ሽማግሌዎች የሚያወሩት የቀድሞው የባሮ መርከብ ትዝ ይለናል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች መካከል በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ቦታው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ይመጡ የነበረው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። ነጋዴው ቡናውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ መርከቡ ካመለጠው ሌላ መርከብ እስኪመጣ ይቀመጣል። የሚሮጠው ሳተላይትም እንዲሁ ነው። በ10 ደቂቃው ውስጥ ካልተዘጋጁ አለፈ።

ለሚሮጡት የሚያስፈልገው ዕቃ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳበውም በዚህ ነው። ባኦፌንግ እንደሚባለው የቻይና ሥራ ያለ፣ በሁለት ሞገድ የሚሠራ 5 ዋት የእጅ ራዲዮና በእጅ የሚያዝ አንቴና ይበቃል። የሳውዲ አረቢያ ሳተላይት የሆነችው ሳውዲ ኦስካር 50፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1995 ዓ.ም. ተልካ ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ባለ ቀላል መሣሪያ ስታነጋግር ቆይታለች፤ በ145.850 ሜጋኸርዝ ሰምታ በ436.795 ትመልሳለች። ከራዲዮው ጋር የሚመጣውን አጭር የላስቲክ አንቴና ግን አይመኑት። ከብረት ሜትርና ከፕላስቲክ ቧንቧ ቈርጠው በቤትዎ የሚሠሩት አንቴና ከእርሱ እጅግ ይበልጣል። ደግሞም ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ፣ የመኪና ጥሩምባ ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ሞገዱ ወደ 10 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ መቀበያዎን በየጊዜው መለወጥ አለብዎት።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በአውሮፓ ሰማይ ላይ አንድ እንዲህ ያለ ሳተላይት ሲያልፍ ተናጋሪው ከመብዛቱ የተነሣ ተራ ማግኘት ያስቸግራል። በእኛ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ግን በ10 ደቂቃው ውስጥ ሳተላይቱ የሚያየው ሱዳንን፣ ኬንያንና የመንን የመሳሰሉትን አገሮች ነው፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ደቂቃ አንቴናውን ይዞ የቆመ ሌላ አማተር ማግኘት የዕድል ነገር ነው። ጥሪዎን አሰምተው መልስ ሳያገኙ ብዙ ምሽት ሊያልፍብዎ ይችላል። ተማሪ ለመለማመድ፣ የጠፈር ጣቢያውን ድምፅ ለመስማት ከፈለገ ይህ መንገድ መልካም ነው። ለመነጋገር ከሆነ ግን የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አይመክረውም።

ሁለተኛው ፈተና ገንዘብ ያለው ሰው የሚወድቅበት ነው። በካታሎግ ላይ አይኮም 9700 የሚባለውን የሚያምር የጠረጴዛ ራዲዮ ያያል፤ «ለሳተላይት» ተብሎ ተጽፎበታል። እውነትም ለሚሮጡት ሳተላይቶች ከተሠሩት ሁሉ ምርጥ ከሆኑት አንዱ ነው። ነገር ግን የሚደርሰው እስከ 1200 ሜጋኸርዝ ሞገድ ድረስ ነው። በአናታችን ላይ የቆመው ሳተላይት የሚሰማው በ2400 ሜጋኸርዝ፣ የሚናገረው ደግሞ በ10 ሺሕ 489 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለው ሞገድ የሚያሸጋግር ሌላ መሣሪያ ካልጨመሩበት፣ ከኳታር ኦስካር 100 አንዲት ቃል አይሰሙም። በቅርብ ዓመታት የወጣው አይኮም 905 ወደ 2400 ሜጋኸርዝ በቀጥታ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን በዝቅተኛ ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ የሚነሣ አይደለም፤ በዚያ ሞገድ የሚሰጠውም 2 ዋት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለጋምቤላ ሰው የሚበጀው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ እርሱም ከዲሽ ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት ምንም ሳይገዙ ይስሙ። በእንግሊዝ አገር በጉንሂሊ የምድር ጣቢያ፣ የኳታር ኦስካር 100ን ድምፅ ተቀብሎ በኢንተርኔት የሚያሰማ መቀበያ ተተክሏል፤ በስልክዎ ላይ ከፍተው ለጥቂት ምሽቶች ያዳምጡ። ሰዎቹ ምን ያህል እንደሚጫወቱ፣ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ፣ እንዴት እንደሚጠራሩ ይለምዳሉ። አሰልችቶዎት ከተዉት ገንዘብዎ በኪስዎ ነው።

ካላሰለቸዎ ለመቀበያ የሚያስፈልግዎ ይህ ነው፤ ቁመቱ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ የቴሌቪዥን ዲሽ፣ አንድ ኤል.ኤን.ቢ.፣ ኬብል፣ ኤስ.ዲ.አር. የምትባለው አውራ ጣት የምታህል መቀበያ፣ እና ማናቸውም አሮጌ ላፕቶፕ። ዲሹን በከተማው ገበያ ያገኙታል። ኤል.ኤን.ቢ.ውን ሲገዙ ግን «ፒ.ኤል.ኤል.» የተባለውን ዓይነት ይጠይቁ። የድሮው ዓይነት ለቴሌቪዥን ይበቃል፤ ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር ግን ሞገዱ ስለሚንሸራተት፣ የሰው ድምፅ ከጉሮሮ ወደ ፉጨት፣ ከፉጨት ወደ ጉርምርምታ እየተለወጠ ያስቸግርዎታል። በመጋቢት ወር የጋምቤላ ቆርቆሮ ጣሪያ ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ኤል.ኤን.ቢ.ው የሰማዩን ሞገድ በ9750 ሜጋኸርዝ ቀንሶ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ በ10489.750 የሚሰማው የሳተላይቱ ምልክት በመቀበያዎ ላይ የሚገኘው በ739.750 ሜጋኸርዝ ነው። ይህን ቁጥር በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ኤል.ኤን.ቢ.ው 13 ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ በዚያው በኬብሉ በኩል ይፈልጋል፤ በመካከል የሚገባ ትንሽ ማከፋፈያ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ፣ ወደ መቀበያው እንዳይመለስ የሚያደርግ። የማከፋፈያውን ሁለት አፍ አሳስተው ከሰኩት መቀበያው ይቃጠላል። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አንድ መቀበያ የቀበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫው አልጠፋም።

አሁን ወደ አቅጣጫው እንለፍ፤ የውጭ መጻሕፍት የማይነግሩዎት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኛው መመሪያ የተጻፈው ለአውሮፓ ሰው ነው። በርሊን ላይ ዲሹ ከአድማስ 29 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ 72 ዲግሪ ይሆናል። ጋምቤላ ላይ 76 ዲግሪ ነው፤ አቅጣጫውም ከሰሜን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ሲቈጠር 227 ዲግሪ፣ ማለት ደቡብ ምዕራብ ነው። ከዚህም ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ኤል.ኤን.ቢ.ው በመሀል የሚቆምበት ክብ ትልቅ ዲሽ ከገዙ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ እንደ ገበታ ስለሚተኛ የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅማል። ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይብሱለት፤ አለዚያም ኤል.ኤን.ቢ.ው በግርጌ በኩል የሚንጠለጠልበትን ሞላላውን ዲሽ ይምረጡ፤ እርሱ አንጋጦ አይተኛም፤ ውሃውም ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ የሳተላይቱ ሞገድ የራሱ አቋም አለው። ለበርሊን ሰው ኤል.ኤን.ቢ.ው ጥቂት ዘንበል ቢል ይበቃዋል። ለእኛ ግን፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንንና ሳተላይቱም ወደ ምዕራብ ስለሚያደላ፣ 46 ዲግሪ ያህል መጠምዘዝ አለበት፤ ከዲሹ ኋላ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚመለከት ሰው፣ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ። ዲሹ በትክክል ዞሮ ድምፁ ደካማ የሆነበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ደስ የሚያሰኝ ነው። አረብሳት «ባድር» የሚላቸው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ያሉት በ26 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከእስሃይል 2 አጠገብ ነው። ስለዚህ የሰፈርዎን የዲሽ ሠራተኛ ጠርተው «ወንድሜ፣ አረብሳት 26 ላይ አስተካክልልኝ» ቢሉት፣ እርሱ ስለ አማተር ራዲዮ አንዳች ሳያውቅ፣ ዲሽዎን በትክክል በኳታር ኦስካር 100 ላይ ያቆምልዎታል። ኮምፓስም፣ ስሌትም፣ ሌላ መሣሪያም አያስፈልግም። ለምሰሶው ግን እንጨት አይትከሉ፤ ምስጥ በአንድ ዓመት ይበላዋል፤ ብረት ይሁን።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ መስማት ነው። መናገር ሌላ ነገር ነው፤ ከእርሱ በፊትም ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአየር ሞገድን ይቆጣጠራል፤ የአማተር ፈቃድና የጥሪ ምልክት ሳያገኙ ማስተላለፊያ ማስመጣትም ሆነ በአየር ላይ መናገር ወንጀል ላይ ሊጥልዎ ይችላል። ጋምቤላ የጠረፍ ክልል መሆኑን ደግሞ ይዘንጉ አይበሉ። ደቡብ ሱዳን ቅርብ ናት፤ ጸጥታ ጠባቂው አንድ ሰው የእጅ ራዲዮ ይዞ በወንዝ ዳር ወደ ሰማይ አንቴና ሲያዞር ቢያይ መጠየቁ ተገቢ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ ወይም ከትምህርት ቤትዎ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈው፣ በግለሰብ ሳይሆን በክበብ ስም ቢያመለክቱ ነገሩ የሚቀል ይመስለናል። ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ያለው ጊዜ የመስሚያ ጊዜ ነው፤ የጠፋ ጊዜ አይደለም።

ፈቃዱ በእጅዎ ከገባ በኋላ ለመናገር ያን ያህል ኃይል አያስፈልግም። በ90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ከ2 እስከ 5 ዋት ድረስ ያለ ማስተላለፊያ ለድምፅ ይበቃል፤ ከቤትዎ አምፖል ያነሰ ነው። ፕሉቶ የምትባለው ትንሽ ኤስ.ዲ.አር. ከአነስተኛ ማጉያ ጋር ይህን ሥራ ትሠራለች፤ ብዙ አማተሮች የጀመሩት በእርሷ ነው። ኤፍ.ኤም. በዚህ ሳተላይት ላይ አይፈቀድም፤ ኤስ.ኤስ.ቢ. የሚባለው ጠባብ የድምፅ አላላክና ሞርስ ግን ይፈቀዳሉ። ማጉያውን ከቤት ውስጥ አስቀምጠው 15 ሜትር ኬብል ወደ ዲሹ ቢስቡ፣ በዚህ ከፍተኛ ሞገድ ላይ አብዛኛው ኃይል ኬብሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ማጉያው ከዲሹ ሥር፣ በሳጥን ውስጥ፣ ከፀሐይ በተከለለ ቦታ ይሁን፤ ትንሽ ፋንም ይደረግለት። ሞገዱ ወደ ሳተላይቱ የሚሄደው እንደ ቡሎን ጥርስ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው። ዲሽ ግን እንደ መስታወት ቀኙን ግራ ስለሚያደርግ፣ ዲሹ ላይ የሚገጠመው አንቴና ወደ ግራ የሚጠማዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ለሳምንታት ጠርቶ የሚመልስለት ያጣል።

ኃይል በማብዛት ጥፋትን ማካካስ ደግሞ አይቻልም። ሳተላይቱ ራሱ የሚያሰማው ምልክት አለ፤ ከእርሱ በልጦ የሚጮኽን ሰው የምድሩ ጣቢያ ለይቶ፣ በዚያው ሰው ሞገድ ላይ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይለቅበታል። በመላው አፍሪካና አውሮፓ ፊት መገሠጽ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መሣሪያው ሁሉ በ12 ቮልት ስለሚሠራ አንድ የመኪና ባትሪና አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃዋል። ፀሐይ ደግሞ ጋምቤላ ላይ አትቸግርም። ነጐድጓድ ሲያንዣብብ ኬብሉን ይንቀሉ፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ቢደክም አይደንግጡ፤ ዝናቡ ሲያልፍ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ በክልሉ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ሲያፈናቅል ያየ ሰው፣ ውሃ መንገድን ሲቈርጥ ወሬም እንዴት አብሮ እንደሚቈረጥ ያውቃል። በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. ኔፓልን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ፣ አማተሮች ባላቸው ራዲዮ መልእክት ሲያስተላልፉ ነበር። ኢታንግ ላይ አንድ ትምህርት ቤት፣ ጋምቤላ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ዲሽና ባትሪ ቢኖራቸው፣ በመካከላቸው ምንም ምሰሶ፣ ምንም ሽቦ ሳይኖር ሊነጋገሩ ይችላሉ። ድምፁ ወደ ላይና ወደ ታች 72 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ ይደርሳል፤ የሚፈጀውም ሩብ ሰከንድ ያህል ነው። መጀመሪያ የተናገሩ ዕለት ይህቺ ሩብ ሰከንድ ታስደነግጥዎታለች። የገዛ ራስዎን ድምፅ ከሰማይ ተመልሶ፣ ዘግይቶ፣ በጆሮዎ ይሰሙታልና፤ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ዕለት ይንተባተባል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ቦታው። የጋምቤላ ግቢ ያለ ማንጎ ዛፍ አይሆንም፤ ቅጠል ደግሞ የዚህን ሞገድ መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ሳተላይቱን ይጋርድ እንደ ሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ፀሐይ ራሷ በዓመት ሁለት ጊዜ ከጋምቤላ ሲታይ በሳተላይቱ ቦታ ላይ ታልፋለች። አንደኛው ጊዜ የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ግቢ ወጥተው ዲሹን ሊተክሉ ያሰቡበትን ቦታ ይመልከቱ። ፀሐይ ካረፈበት መንገዱ ክፍት ነው። ጥላ ካረፈበት ዛፉን ከመቍረጥዎ በፊት ዲሹን ሁለት ሦስት ሜትር ፈቀቅ አድርገው እንደገና ይመልከቱ። የመስቀል ዕለት ካመለጠዎ መጋቢት 8 ቀን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይጠብቁ።